የሞቀው ኮፈን

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መኪና ብቻ አይገዛም፤ የማያውቀውን ሰው ጸባይም አብሮ ይገዛል። ያ ሰው ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ሳያሟሙቅ ይነዳ ከነበረ፣ ዘይት መቀየሪያው ሲደርስ "ለደመወዝ ይቆይ" እያለ ያሳልፍ ከነበረ፣ ዳገት ለዳገት ሲጋልበው ውሎ ደጁ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ቀጭ አድርጎ ይገባ ከነበረ፣ ይህ ሁሉ በሊብሬው ላይ አልተጻፈም። ሊብሬው የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዘመንና የባለቤቱን ስም ነው። የቀረውን ብረቱ ራሱ ይናገራል፤ ብረት ግን እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። ይህችን አንዲት ነገር ለመማር ቤተሰቤ ምን ያህል እንደ ከፈለ ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። የሜካኒካል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አንደኛ ዓመት ላይ ሰው ምንም እንደማያውቅ ያውቃል፤ አምስተኛ ዓመት ላይ ምንም እንዳላወቀ ይገባዋል፤ መካከል ላይ ያለው ሦስተኛው ዓመት ግን የዕውቀት ጥጋብ ነው። ቴርሞዳይናሚክስን በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። ለእረፍት ቤት ስገባ እናቴ ሽሮ ስታንተከትክ አጠገቧ ቆሜ ስለ ሙቀት ልውውጥ የማስረዳ ሰው ነበርኩ። እናቴም "ይሁን፤ ብቻ እዚያ ጋ ያለውን ጨው አቀብለኝ" ትለኝ ነበር።

አባቴ ቀያሽ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት ላንድሮቨር አገር ሲያካልሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አንድ አሳብ መጣላቸው፤ ጠንካራ የገጠር መኪና ገዝተው ለመንገድና ለግንባታ ፕሮጀክቶች ሊያከራዩ። እቁባቸው 120,000 ብር ደረሰ። አጎቴ 60,000 አበደራቸው። የቀረውን 300,000 ብር የላከችው እህቴ ናት። ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስተኛ ዓመቷ ነበር። ገንዘቡን የላከች ዕለት በስልክ ያለችውን አልረሳውም፤ "እሱ ይየውና ይገዛ። ታዲያ የተማረው ለመቼ ነው?"

እንግዲህ ይየው የተባልኩት እኔ ነኝ።

አባቴ የሚፈልጉት ቱርቦ የሌለው ተራ ናፍታ ሞተር ነበር። "የነገር ሁሉ ጥሩው ቀላሉ ነው" ይላሉ። እኔ ግን ቱርቦ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ደብተር አውጥቼ ሥዕል እየሣልኩ አስረዳኋቸው። የናፍታ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን ስቦ እስኪግል ድረስ ይጨምቀዋል፤ ያን ጊዜ ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጉልበቱ በሚያገኘው አየር ልክ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ አራት እንጀራ የሚቀርብለት ሞተር እኛ ዘንድ ሲመጣ ሦስት ይደርሰዋል ማለት ነው። ደጋ በወጣ ቁጥር የሚያቃስተው ለዚህ ነው።

ቱርቦ ይህንን ጉድለት ይሞላል። በአንድ ዘንግ ላይ ወዲያና ወዲህ የተሰኩ ሁለት ትንንሽ ፋኖች ናቸው። አንዱን በማርሚታው በኩል ሊወጣ የሚሮጠው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው በዚያው ኃይል አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። የሚጣለውን ትንፋሽ መልሶ ለጉልበት ማዋል ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። አሳቡን የስዊስ መሐንዲሱ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበው። ቱርቦ በናፍታ የቤት መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ እስኪወጣ ግን ሰባ ዓመት አልፏል፤ መርሴዲስ በ1978 ለአሜሪካ ገበያ፣ ፔዦ ደግሞ በ1979 ለአውሮፓ አቀረቡት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። አባቴ ሥዕሉን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩትና፣

"ጥሩ ነው። ሲበላሽስ?" አሉኝ።

"አይበላሽም" አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፤ መሐንዲስ ልሆን የምማር ሰው ስለ ብረት "አይበላሽም" አልኩ።

መኪናው የተገኘው በደላላ በኩል ነው። ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍታ፣ የጃፓን ስሪት፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ። ሰውየው 500,000 ብሎ 480,000 ላይ እንደሚለቀው ደላላው አስቀድሞ ሹክ ብሎናል። የሰፈራችን መካኒክ አብሮን እንዲሄድ አባቴ አስበው ነበር። "ለማየት ብቻ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እኔ እያለሁ መካኒክ ምን ያደርጋል?" ብዬ አስቀረሁት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ደረስን። መኪናው ታጥቦ፣ ሞተሩ ሳይቀር ታጥቦ፣ ጎማው ጥቁር ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቆሟል።

ደላላው ወደ እኔ እያየ፣ "ልጅዎ ናቸው?" አላቸው አባቴን።

"ልጄ ነው። ኢንጂነሪንግ ነው የሚማር።"

"እንዲያውም! እንግዲያው ለእኛ ምን ቀረን? ኢንጂነር ይዘው መጥተው!"

ያቺ "ኢንጂነር" የምትባል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ምን እንደ ሠራች ልነግራችሁ አልችልም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ ኮፈኑን ልከፍት እጄን አሳረፍኩ። ኮፈኑ ሞቋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሌሊቱን ከቤት ውጭ ያደረ መኪና ብርድ ሊቆርጠው ይገባ ነበር። የናፍታ ሞተር ሲገዛ በቀዝቃዛው አስነሥቶ ማየት የሕግ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ይህን ደግሞ በደንብ ዐውቃለሁ። በቀዝቃዛው ሲነሣ አየሩን የሚያግለው የሞተሩ ጭመቃ ነው። ፋሻው ካለቀ፣ ቫልቩ ካፈሰሰ፣ ጭመቃው ያመልጣልና ሞተሩ አልነሣም ብሎ ይንገታገታል። ቴስታታው ከተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ ሌሊት ወደ ሲሊንደሩ የሰረገው ውሃ በመጀመሪያው መነሣት ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከሞቀ በኋላ ግን ብረት ይለጠጣል፣ ክፍተት ይጠባል፣ ጉድ ይሸፈናል። ጠዋት የሞቀ ኮፈን ማለት አንድ ሰው ከእኛ በፊት ተነሥቶ ጉዱን አሙቆ ደብቆታል ማለት ነው።

ዐወቅሁ። እጄን አነሣሁ። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ፣ እስከ ዛሬ አንድ ምክንያት አላገኘሁም፤ ብዙ ትንንሽ ምክንያቶች ናቸው። ይህን ብናገር "ነገ ጠዋት ተመልሰን እንምጣ፤ መካኒኩም ይምጣ" ማለት ሊከተል ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ "እኔ እያለሁ" ያልኩት ሊፈርስ ነው። ደላላውም "ኢንጂነር" ያለኝን ሊያነሣብኝ ነው። እና ደግሞ ምናልባት አሁን አሳጥበውት መምጣታቸው ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲዋሽ ሁልጊዜ "ምናልባት" የምትባል ቃል አትጠፋም። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። የማርሚታውን ጭስ አየሁ፤ ጥቁር ቢሆን የአየር ማነስ ወይም የነዳጅ መብዛት ነው፣ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት መብላት ነው፣ ነጭ ቢሆን ወይ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይ ውሃ ነው። ምንም አልነበረም። ነዳጅ ስሰጠው ቱርቦው በቀጭኑ አፏጨ። ያ ፉጨት ልቤን ሰረቀው።

"እንዴት ነው?" አሉኝ አባቴ።

"ጥሩ ነው" አልኩ።

በዚያችው ቃል 480,000 ብር ወጣ።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዟችን ወደ ደብረ ማርቆስ ሆነ። አያቴ እዚያ ነበሩ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት አዲስ አበባ መጥተው እንዲታከሙ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። አባቴ እናታቸውን በገዛ መኪናቸው ሊያመጡ በመቻላቸው የተሰማቸው ደስታ እንዲህ ነው አይባልም፤ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ቀያየሩ። ግንቦት ነበር። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተን ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ገና አልከረረችም።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ያለውን መንገድ ያላየ ሰው መኪና ፈተነ አይባልም። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ሜዳ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአባይ ወንዝ ይወርዱና፣ ተሻግረው መልሶ ያንኑ ያህል እስከ ደጀን ይወጣሉ። ቁልቁለትና ዳገቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ማዕበል ያብጣል። አባቴ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዘው፣ ፍሬን በጣም ጥቂት እየነኩ፣ እንደ ጥንቱ ላንድሮቨር ዘመን በእርጋታ ወረዱት። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ድልድይ ላይ ስናልፍ፣ "ጃፓን በጃፓን ላይ ሄደ" ብለው ሳቁ። በደጀን ዳገት የሙቀቱ መርፌ ከመካከል ትንሽ ከፍ አለች። አየኋት። ቆላ ስለሆነ ነው አልኩ፤ ለራሴ ነው ያልኩት እንጂ ለእሳቸው አልተናገርኩም። ይህ ሁለተኛው ዝምታ ነው።

ሲመለሱ ነገር ተለወጠ። ዘመድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ከደብረ ማርቆስ አርፍደን ወጣን። ኋላ ጤፍ፣ ቅቤ፣ አንድ በግ ሳይቀር ተጭኗል። አያቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የማያዩትን አገር በጆሯቸው እያዳመጡ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ የአባይ በረሃ ምድጃ ነው። አባቴ ደክሟቸው መሪውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን አንድ ነገር አምሮኛል፤ የቱርቦውን ፉጨት ለአያቴ ማሰማት።

በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ረገጥኩት። መኪናው ተወረወረ።

"ምንድን ነው እሱ የሚያፏጨው?" አሉ አያቴ።

"ቱርቦ ነው እማማ። ጉልበት ሲያገኝ ነው የሚያፏጭ።"

"እህ። ጉልበት ያለውማ ዝም ብሎ ነው የሚወጣ" አሉ።

ስቄ ጨመርኩለት። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ገብታ ነበር። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱን ለቅቄ ቆምኩና ቁልፉን ወዲያው አጠፋሁ። አባቴ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረጉ። እኔ ደግሞ ዘልዬ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ አንጓዬን ያዙኝ፤ "ቆዳህ ይቀርሃል!" አሉ። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል። ይህንንም በቲዎሪ ዐውቀው ነበር።

ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የራሱን ሞተር ሊያሳርፍ ቆሞ ነበር። ከረዳቱ ጋር ወረደና መጣ። አላፌዘብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤

"ወዲያው ነው ያጠፋኸው?"

"አዎ።"

"ውሃው ጨርሶ ካልፈሰሰ ወዲያው አይጠፋም፤ ትንሽ በሚኒሞ አዙረኸው፣ አብርደኸው ነው። ቱርቦ ነው እኮ። ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው፤ ሞተሩን ስታጠፋ ዘይቱ ይቆማል፤ ዘንጉ ግን ገና ይዞራል፣ ገና ግሎ ነው። እዚያ ውስጥ የቀረው ዘይት ምጣድ ላይ እንደ ተረሳ ዘይት አርሮ ከሰል ይሆናል። ቱርቦ የሚሞተው መንገድ ላይ አይደለም ወንድሜ፣ ደጅ ላይ ነው።"

አያቴ በመስኮቱ ይሰሙ ኖሯል። "በቅሎም እኮ እንዲያ ናት" አሉ። "ዳገት ወጥታ እንዳላበች ኮርቻዋን አውርደህ ውሃ ብታጠጣት ትሞትብሃለች። ቆም አድርገህ፣ ትንፋሿን አሰብስበህ ነው።" ሾፌሩ ሳቀና፣ "እማማ ጨርሰውታል" አለ።

አንድ ሰዓት ከግማሽ አሳረፍነው። ከዚያ ራዲያተሩን ከፍቶ በጄሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላና አስነሣው አለኝ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ከውስጥ አረፋ እየተንደቀደቀ ይወጣል። "አየህ? ይህ መፍላት አይደለም። ሲሊንደሩ ውሃው ውስጥ እየተነፈሰ ነው። ቴስታታ ነው፤ ወይ ጓርኒሲዮኑ ወይ ራሱ ተሰንጥቋል። ዛሬ የመጣ አይደለም፣ የቆየ ነው። ሲገዛ በቀዝቃዛው አላስነሣችሁትም?"

አባቴ መልስ አልሰጡም። እኔም አልሰጠሁም። ሦስተኛው ዝምታ።

የቀረውን ዳገት እንዴት እንደምንወጣው ነገረን። በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቱርቦው እንዳይቀሰቀስ፤ ትንሽ ሄዶ ማረፍ፣ ውሃ መጨመር፤ እና የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ። ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ተሻምቶ ወደ ጋቢና ስለሚያወጣ እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ያግዛል። እናም ግንቦት ወር፣ አባይ በረሃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማሞቂያ ከፍተን ወጣን። አባቴ እየነዱ ላባቸው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። በጉ ኋላ ይጮኻል። አያቴ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ "በበረሃ እሳት የሚሞቅ ሰው ዛሬ አየሁ፤ ዓይኔ ባያይም አየሁ" አሉ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ እሱ ብቻ ነው። ጎሐ ጽዮን የደረስነው በመሸ ነው። አያቴን በማግስቱ በአውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። አባቴ ከመኪናው ጋር ቀሩ፤ በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና አስጭነው ገቡ።

ያስቀረሁት መካኒክ ነው ሞተሩን የፈታው። የወረደውን ቴስታታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ፤ በሁለት ቫልቮች መካከል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በውሃው መተላለፊያ ደግሞ ፍሳሽ ለመድፈን የሚጨመር ማጣበቂያ ጋግሮ ተገኘ። የሸጠን ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው። "ጠዋት ብርድ ላይ አስነሥታችሁት ቢሆን ግቢውን በነጭ ጭስ ይሞላው ነበር" አለ መካኒኩ፤ ወቀሳ አልነበረበትም፣ የአየር ሁኔታ የሚናገር ይመስል ነበር። ሌላ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፣ ተደምሮ 68,000 ብር። ከአጎቴ ከተበደርነው ይበልጣል። በዚያ ላይ መኪናው ሁለት ወር ስለቆመ ኪራዩም ቀረ። እህቴ በዚያ ዓመት ልትመለስ ትኬት ስትጠያይቅ ነበር። "መኪናዋ እንዴት ናት?" ብላ ስትደውል መጀመሪያ "ደህና ናት" አልናት፤ ኋላ ግን ገንዘብ እንደ ጠፋ ተነገራት። ምንም አላለችም። ኮንትራቷን አንድ ዓመት አራዘመች።

እኔ አሳ ነባሪ እንደ ዋጠው ሰው ሆኜ ከረምኩ። አንድ ማታ፣ መኪናው ተጠግኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንጦጦ ዳገት አምጥተነው ግቢ ውስጥ እንደ ቆምን፣ አባቴ ቁልፉን አላጠፉትም። እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡ። "ሁለት ደቂቃ" አሉ። ሾፌሩ ያላቸውን ነበር የሚያደርጉት። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እያጉተመተመ፣ ፊታቸውን ሳላይ ተናገርኩ።

"አባባ፣ ያን ቀን ኮፈኑ ሞቆ ነበር። ዐውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣

"እኔም እጄን አሳርፌበት ነበር" አሉ። "ሰላሳ ዓመት ላንድሮቨር የነዳሁ ሰውዬ የሞቀ ኮፈን ይጠፋኛል? አንተ አይተህ ዝም ስትል፣ እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖር ነው፣ የተማረው እሱ ነው አልኩ። ልናገር ብዬ አፈርኩህ።"

ቁልፉን አጠፉና ወረዱ።

ጓደኞቼ፣ ይህን ወግ የጻፍኩት ስለ መኪና ምክር ልሰጣችሁ ብቻ አይደለም። ምክሩ አጭር ነው፤ በቀዝቃዛው አስነሡ፣ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲነሣ ቆማችሁ ጭሱን እዩ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ውሃ የነካው ነጭ ዘይት እንዳለ እዩ፣ የአየሩን ቱቦ ፈትታችሁ የቱርቦውን ዘንግ በጣት ነቅንቁ፣ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የማስበው ስለ እነዚያ ሁለት እጆች ነው፤ አንድ ሞቃት ኮፈን ላይ ተራ በተራ ስላረፉት። አንዱ እጅ የሰላሳ ዓመት ልምድ ነበረው፤ የተማረ ልጅ አለኝ ብሎ ዝም አለ። ሌላው እጅ የሦስት ዓመት ትምህርት ነበረው፤ አላውቅም ማለት አፍሮ ዝም አለ። በሁለቱ መካከል የእህቴ አንድ ዓመት ጠፋ። ቤተሰቦቻችን የእኛን ትምህርት እንደ ሚዛን ይጠቀሙበታል፤ መሬት ሲሸጡ፣ ውል ሲፈርሙ፣ መድኃኒት ሲገዙ ወደ ፊታችን ያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ዕውቀታችንን አይደለም፤ ፊታችን ላይ ጥርጣሬ ካየ ዓይናቸው እነሱም ደፍረው ሊናገሩ ነው። ያንን ጥርጣሬ ስንደብቅ የእነሱንም አፍ እንዘጋለን።

መኪናው እስከ ዛሬ አለ። ኪራዩ ቀስ በቀስ የአጎቴንም ዕዳ ከፍሎ፣ የእህቴንም ገንዘብ መለሰ። አያቴ ሞራው ተነሥቶላቸው መኪናውን ባዩት ጊዜ፣ "ይሄ ነው ያ የሚያፏጨው? እኔ ትልቅ መስሎኝ" አሉ። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውም ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ደላሎች አባቴን ይደውሉላቸዋል። "ልሽጥ ብል በቀዝቃዛው አስነሥቼ ነው የማሳያችሁ" ይሏቸዋል።

እህቴ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔንም የአባቴንም እጅ። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ብዙ አየችኝና፣

"እና አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ያጠብኩት፣ ሁለት ወንዶች 'ኮፈኑ ሞቋል' ማለት አቅቷቸው ነው?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። ግቢው ውስጥ አባቴ ገና ገብተው ሞተሩን ሳያጠፉ ተቀምጠው ነበር። ለስላሳ መንገድ መጥተው ይሁን ዳገት ወጥተው ግድ የላቸውም፤ ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ ይቆያሉ። ወጥቼ አጠገባቸው ገባሁና አብሬያቸው ቆየሁ።